«እስካሁን ችሏል»፦ የደከመ ብረት ታሪክ

ፒንሳ በሌለበት ሽቦ ለመቁረጥ የሞከረ ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። ወዲያ ማጠፍ፣ ወዲህ ማጠፍ፤ እንደገና ወዲያ፣ እንደገና ወዲህ። ሁለት ጎረምሳ ግራና ቀኝ ቢጎትተው የማይበጠስ ሽቦ፣ ደጋግሞ ሲተጣጠፍ በልጅ ጣት ይበጠሳል። በልጅነታችን የሽቦ መኪና የሠራን ሰዎች ይህንን ያወቅነው የፊዚክስ መምህር ከማግኘታችን በፊት ነው።

ጋራዥ ያሉ ሰዎችም ያውቁታል። የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲሰበር ሹፌሩ የመጨረሻዋን ጉድጓድ ይረግማል። ልምድ ያለው መካኒክ ግን የተሰበረውን ብረት አገላብጦ ያያል። የስብራቱ አንዱ ወገን የዛገና የለሰለሰ፣ ሌላው ወገን አዲስና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ነገሩ ይገባዋል። ባሌስትራው መሰበር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ስንጥቁ ከብዙ ጊዜ በፊት ነበረ። የዛሬዋ ጉድጓድ ጨረሰችው እንጂ አልጀመረችውም።

መሐንዲሶች ይህንን «የብረት ድካም» ይሉታል። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት የዚህን ድካም ታሪክ ነው፤ ብረት በጫና እንዴት እንደሚሰበር፣ ስብራቱን አስቀድሞ መተንበይ እንዴት እንደተቻለ፣ እዚህ ለመድረስም ስንት ሰው እንደሞተ። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቻናል ላይ አላመጣውም ነበር። በታሪኩ መሃል ግን ሁላችንም በየቀኑ የምንናገረው አንድ አባባል ተደጋግሞ ይመጣል፦ «እስካሁን ምን ሆነ? እስካሁን ችሏል እኮ!» ይህ አባባል ሰው ሲገድል እንዴት እንደሚገድል ማየት ለሁላችንም ይጠቅማል።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የቨርሳይ ባቡር

ሜይ 8 ቀን 1842 እሑድ ነበር። የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በዓል ለማየት ቨርሳይ የዋለው የፓሪስ ሕዝብ ማምሻውን በባቡር ይመለሳል። ሙዶን የተባለው ቦታ አካባቢ ሲደርሱ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ የመንኮራኩር ዘንግ ተሰበረ። ሎኮሞቲቩ ቆመ፤ ከኋላ የመጡት ፉርጎዎች እላዩ ላይ ተከመሩ፤ ከምድጃው የወጣው እሳት ያዛቸው። በጊዜው ልማድ የፉርጎዎቹ በር ተቆልፎ ነበርና ተሳፋሪው መውጫ አጣ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመርከብ ዓለምን ዞሮ፣ የደቡብ ዋልታን በረዶ ተቋቁሞ የተመለሰው ታዋቂው አሳሽ ዱሞን ዱርቪል ከነሚስቱና ከነልጁ ያለቀው እዚያ ነው።

በዚያን ዘመን የባቡር ዘንግ መሰበር እንግዳ ነገር አልነበረም። መሐንዲሶቹን ግራ ያጋባቸው ግን ዘንጉ መሰበሩ ሳይሆን የሚሰበርበት ሁኔታ ነው። ዘንጉ ሲሠራ በቂ ውፍረት ተሰጥቶታል። የሚሸከመው ክብደት ሊሰብረው ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነው። ለወራት፣ ለዓመታትም አገልግሏል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከትናንቱ ያልበለጠ ጭነት ተሸክሞ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ድንገት ይሰበራል።

ብዙዎች የሰጡት ማብራሪያ ብረቱ በመንቀጥቀጥ ብዛት ተፈጥሮው ተለውጦ እንደ ጨው ድንጋይ ተሰባሪ ሆኗል የሚል ነበር። የተሰበረው ፊት የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ስለሚያሳይ ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የነበረው የስኮትላንዱ መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን ግን በ1843 ሌላ ነገር አለ። የተሰበሩ ዘንጎችን ሲያይ ስብራቱ የሚጀምረው ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በድንገት በሚለወጥበት ማዕዘን ላይ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ጀምሮ ስንጥቁ ዙሪያውን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ መሃል የቀረው ጤነኛ ብረት ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው ያን ጊዜ ይበጠሳል። ብረቱ ተፈጥሮው አልተለወጠም፤ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁንም ያየው የለም።

ይህንን ሐሳብ ወደ ቁጥር የለወጠው በፕሩሲያ ባቡር ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው አውጉስት ቮለር ነው። ከ1850ዎቹ ጀምሮ ለሃያ ዓመት ገደማ ብረት ሲያደክም ኖረ። ጫፉ ላይ ክብደት የተንጠለጠለበትን የብረት ዘንግ የሚያሽከረክር ማሽን ሠራ። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ከላይ ይለጠጣል፣ ከታች ይጨመቃል፤ ግማሽ ዙር ሲዞር ደግሞ የተገላቢጦሽ። እስኪሰበር ያዞረዋል፣ ዙሩን ይቆጥራል፣ ክብደቱን ይቀንሳል፣ እንደገና ያዞራል።

ያገኘው ነገር ዛሬም የዘርፉ መሠረት ነው። ብረት አንድ ሺህ ጊዜ የሚችለውን ጫና አንድ ሚሊዮን ጊዜ አይችለውም። ዕድሜውን የሚወስነው የጫናው ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ከፍ ዝቅ የማለቱ ስፋትና ድግግሞሹ ነው። ለብረትና ለአረብ ብረት ደግሞ አንድ ወለል አለ፤ ጫናው ከዚያ በታች ከሆነ ቢደጋገምም አይሰበርም ማለት ይቻላል። ስብራት ዕድል ወይም እርግማን መሆኑ ቀርቶ በቁጥር የሚገለጽ ነገር የሆነው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ወለል የለውም። ጫናው ትንሽ ቢሆንም ድግግሞሹ ከበዛ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። አውሮፕላን ደግሞ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ነው።

2. አቡጀዲ ሲቀደድ

ወደ አውሮፕላኑ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሰው ላስተዋውቅ። አለን አርኖልድ ግሪፊዝ ይባላል፤ እንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ በሚገኘው የመንግሥት የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ይሠራ ነበር። በ1920 ያነሳው ጥያቄ ቀላል ነው። ብርጭቆ በቅንጣቶቹ መሳሳብ ብቻ ብንገምተው እጅግ ጠንካራ መሆን ነበረበት፤ በተግባር ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ደካማ ነው። ለምን?

መልሱን የጨርቅ ነጋዴ ያውቀዋል። አቡጀዲ ሲሸጥ ጫፉን በመቀስ ቆረጥ ያደርግና የቀረውን በእጁ ይተረትረዋል። ያቺ ትንሽ ቁርጥ ባትኖር ጨርቁን በእጅ መቅደድ ከባድ ነው። ቁርጧ ካለች ግን የእጁ ጉልበት በሙሉ ጫፏ ላይ ይሰበሰባል። ግሪፊዝ ብርጭቆም እንዲሁ በዓይን በማይታዩ ጭረቶች የተሞላ መሆኑን አሳየ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ጫና አንድ ወሳኝ የስንጥቅ ርዝመት እንዳለ በስሌት አስቀመጠ። ስንጥቁ ከዚያ ካጠረ ባለበት ይቆያል። ከዚያ ከበለጠ ግን ማንም ሳይገፋው ራሱን በራሱ ይተረትራል።

የፋርንቦሮን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

3. በአዲስ አበባ አየር የተሞላ ፊኛ

ሜይ 2 ቀን 1952 የዓለማችን የመጀመሪያው የጄት መንገደኞች በረራ ከለንደን ተነሣ። መድረሻው ጆሃንስበርግ ነበር፤ በሮም፣ በቤይሩት፣ በካርቱም፣ በኢንቴቤና በሊቪንግስተን አድርጎ። አውሮፕላኑ የእንግሊዙ ዴ ሃቪላንድ ኩባንያ የሠራው ኮሜት ነው። የመለያ ፊደሎቹን መጨረሻ ይዘው ሠራተኞቹ «ዮክ ፒተር» ይሉት ነበር።

ኮሜት ድንቅ ነበር። የፕሮፔለር አውሮፕላኖች ከሚናጡበት ደመና በላይ፣ ከ10,000 ሜትር በላይ፣ ጸጥ ብሎ ይበራል። እዚያ ከፍታ ላይ ግን ሰው መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ የተሳፋሪው ክፍል ውስጥ አየር ተጨምቆ ይሞላል። የኮሜት የውስጥ አየር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ አየር ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነበር። ይህ በግምት የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። አንባቢዬ፣ ስለዚህ እንዲህ አድርገህ አስበው፦ ውጪው ባዶ ሊባል በቀረበ ሰማይ ላይ፣ በአዲስ አበባ አየር የተሞላ ስስ የአሉሚኒየም ፊኛ። ያ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 5.8 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ፊኛው ይነፋል፤ ሲያርፍ ይተነፍሳል። እያንዳንዱ በረራ ሽቦውን አንድ ጊዜ ማጠፍ ማለት ነው።

የዴ ሃቪላንድ መሐንዲሶች ይህንን አያውቁም ነበር ማለት ስህተት ነው። የብረት ድካም በጊዜው የታወቀ ነገር ነበር። እንዲያውም ኔቪል ሹት የተባለው ደራሲ፣ ራሱም በወጣትነቱ ዴ ሃቪላንድ ውስጥ የጫና ስሌት ይሠራ የነበረ መሐንዲስ፣ ጅራቱ በድካም ሊሰበር ስለሚችል አውሮፕላን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1948፣ ኮሜት ገና ሳይበር ነው። ኩባንያው የአውሮፕላኑን አካል ክፍል ወስዶ ፈትኗል። መጀመሪያ በበረራ ከሚደርስበት ግፊት እጥፍ የሚሆን ጫነበት፤ ቻለ። ከዚያ ያንኑ ክፍል በተለመደው ግፊት ደጋግሞ ነፋው፣ አስተነፈሰው። ወደ 18,000 ጊዜ ከተነፋ በኋላ ነው አንድ መስኮት ጥግ ላይ የተሰነጠቀው። አንድ ኮሜት በአገልግሎት ዘመኑ ከሚያደርገው በረራ ብዙ የሚበልጥ ነውና ሁሉም ረካ።

ይህንን ፈተና አስታውሱት። የታሪኩ ቁልፍ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

4. 88 ቀናት

አገልግሎቱ በተጀመረ ልክ በዓመቱ፣ ሜይ 2 ቀን 1953፣ አንድ ኮሜት ከካልካታ እንደተነሣ ከባድ ነጎድጓድ ውስጥ ገብቶ ተበታተነ፤ 43 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ለአውሎ ነፋሱ ተሰጠ።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ዮክ ፒተር ራሱ፣ የመጀመሪያውን ታሪካዊ በረራ ያደረገው፣ ከሮም ወደ ለንደን ተነሥቶ ከፍታ እየያዘ ሳለ ከኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 35 ሰዎች በሙሉ አለቁ። እስከዚያ ቀን 1,290 ጊዜ በርሯል። የአየር መንገዱ ኮሜቶች በሙሉ ቆሙ። በዘመኑ የበረራ መቅረጫ ሳጥን አልነበረም። ስብርባሪው ከባሕር ሥር ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ተቀምጦ በግምት ዘረዘረ፤ የሞተር እሳት ሊሆን ይችላል፣ የመቆጣጠሪያ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሌላም። ለተገመተው ሁሉ ማሻሻያ ተደረገ። አካሉ በግፊት ደክሞ ሊሆን ይችላል የሚለውስ? እሱ 18,000 ጊዜ ተፈትኖ አልፏል።

ማርች 23 ኮሜቶቹ እንደገና መብረር ጀመሩ። ምክንያቱ ገና አልታወቀም።

ከ16 ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 8፣ ሌላ ኮሜት ከሮም ወደ ካይሮ ሲበር ከኔፕልስ በስተደቡብ ባሕር ላይ ተበታተነ። 21 ሰዎች ሞቱ። ይህኛው የበረረው 900 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው 88 ቀን ነው።

አሁን የመብረር ፈቃዱ ተነጠቀ። የቸርችል መንግሥት ምክንያቱ ምንም ያህል ገንዘብና የሰው ኃይል ቢፈጅ እንዲገኝ አዘዘ። ሥራው የተሰጠው ለፋርንቦሮ ነው፤ ከ34 ዓመት በፊት ግሪፊዝ ስለ ስንጥቅ የጻፈበት ያው ተቋም። ዳይሬክተሩ አርኖልድ ሆል ነበር።

5. ገንዳው

የሆል ቡድን ያደረገው ነገር በቀላልነቱ ያስገርማል። ዮክ አንክል የሚባለውን አንድ ሙሉ ኮሜት ወስደው ትልቅ ገንዳ ውስጥ አስገቡት፤ ክንፎቹ በገንዳው ጎንና ጎን ወጥተው ይታያሉ። ገንዳውንም አውሮፕላኑንም በውሃ ሞሉ። ከዚያ ውስጡ ያለውን የውሃ ግፊት ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ክንፎቹንም በማሽን እያወዛወዙ ቀንና ሌሊት «አበረሩት»።

ለምን ውሃ? አየር ሲጨመቅ ጉልበት ያጠራቅማል። አካሉ ቢሰነጠቅ የታመቀው አየር እንደ ቦምብ ፈንድቶ አውሮፕላኑን ብትንትኑን ያወጣዋል፤ ከየት እንደጀመረም አይታወቅም። ውሃ ግን የማይጨመቅ ያህል ስለሆነ ትንሽ ሲያፈስ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። ስንጥቁ እንዳለ ይቀራል፤ መጥቶ ማየት ይቻላል።

ይህ አውሮፕላን ገንዳ ከመግባቱ በፊት በእውነት ወደ 1,230 ጊዜ በርሮ ነበር። ገንዳው ውስጥ ወደ 1,830 ጊዜ ከተነፋ በኋላ፣ በጁን 1954 መጨረሻ፣ ግፊቱ ድንገት ወረደ። ውሃውን አፍስሰው ሲያዩ አካሉ ተቀዷል። ቀደዳው የተነሣው ከአንድ መስኮት ጥግ ነው፤ ከአንድ ማያያዣ ቀዳዳ አጠገብ። ሲለኩት በመስኮቱ ጥግ ያለው ጫና ኩባንያው ካሰበው በጣም የበለጠ፣ ብረቱ በአንድ ጊዜ ሊበጠስበት ከሚችለው 70 በመቶ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ።

ባሕሩም ይህንኑ መሰከረ። በፒሳ የተደረገው የአስከሬን ምርመራ የሟቾቹ ሳንባ በድንገተኛ የግፊት መውረድ መጎዳቱን አሳይቶ ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በውሃ ውስጥ የቴሌቪዥን ካሜራ እየተመራ የዮክ ፒተርን አብዛኛውን ስብርባሪ ከኤልባ ባሕር አወጣ። ፋርንቦሮ ላይ እንደ ተሰበረ እንስራ ገጣጠሙት። በአውሮፕላኑ ጣሪያ ላይ፣ የሬዲዮ አንቴና የሚቀመጥበት መስኮት ጥግ ላይ፣ የድካም ስንጥቅ ምልክት ተገኘ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ወሬ ላርም፤ የኮሜት መስኮቶች «አራት ማዕዘን ስለነበሩ ወደቀ» ይባላል። ማዕዘኖቹ ክብ ተደርገው ነበር፤ ክብነታቸው ግን አልበቃም፤ ቀዳዳዎቹም ጠርዙ አጠገብ ነበሩ።

አሁን ወደ 18,000ው እንመለስ። 900 ጊዜ በርሮ የሚሰነጠቅ አውሮፕላን እንዴት ፈተናው ላይ 18,000 ጊዜ ቻለ?

መልሱ ይህ ነው። የፈተናው ክፍል መጀመሪያ በእጥፍ ግፊት ሲነፋ በመስኮቱ ጥግ ያለው ብረት ከመጠን በላይ ተለጥጦ ቀረ። ግፊቱ ሲለቀቅ በዙሪያው ያለው ያልተለጠጠ ብረት ወደ ቦታው ሲመለስ ያንን ጥግ ጨመቀው። የተጨመቀ ብረት ደግሞ ስንጥቅ አይከፈትበትም። ጥንካሬውን ለማረጋገጥ የተደረገው የመጀመሪያው ፈተና፣ ሳይታሰብ፣ ናሙናውን ለሁለተኛው ፈተና አዘጋጀው። ተሳፋሪ የሚጭኑት አውሮፕላኖች ግን ያንን ያህል ተነፍተው አያውቁም። የተፈተነው ብረትና የበረረው ብረት በስም አንድ ቢሆኑም በተግባር ሁለት ነበሩ።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና ሌላም ነገር ታያላችሁ፦ 900፣ 1,290፣ 3,060። አንድ ዓይነት ንድፍ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት አሉሚኒየም። ሆኖም ትልቁ ዕድሜ የትንሹን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ድካም ቀኑን ቆርጦ አይናገርም፤ የሚሰጠው ክልል ነው። አንድ ናሙና ብዙ ስለቻለ ሌላውም ይችላል ማለት አይቻልም።

6. መዝገቡን መክፈት

በኦክቶበር 1954 ለንደን ላይ በሎርድ ኮኸን የሚመራ ግልጽ የምርመራ ችሎት ተሰየመ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ሪፖርቱ ወጣ። ችሎቱ ግለሰብ አልኮነነም። ነገር ግን የመስኮቱ ጥግ፣ የገንዳው ቁጥር፣ የተሳሳተው ፈተና፣ ሁሉም በአደባባይ ተነበበ። ተፎካካሪዎቹ የአሜሪካ ኩባንያዎችም አነበቡት።

እንግሊዝ በዚህ ዋጋ ከፍላለች። የተሻሻለው ኮሜት 4 አትላንቲክን ማቋረጥ የጀመረው ኦክቶበር 4 ቀን 1958 ነው። በዚያው ወር ትልቁና ፈጣኑ ቦይንግ 707 ሥራ ጀመረ፤ ገበያውንም ወሰደው። ብሔራዊ ኩራት የነበረውን ነገር ገመና በአደባባይ ማውጣት ቀላል ውሳኔ አይደለም። ግን ዛሬ ማናችንም አውሮፕላን ስንሳፈር ከዚያ ሪፖርት እንጠቀማለን። ከዚያ ወዲህ ሙሉ የአውሮፕላን አካልን በድግግሞሽ መፈተን የተለመደ ሥራ ሆነ።

ትንበያውም ተራመደ። በ1957 አሜሪካዊው ጆርጅ ኧርዊን የግሪፊዝን የብርጭቆ ሐሳብ ለብረት በሚሆን መንገድ አስፍቶ፣ በስንጥቅ ጫፍ ላይ የሚሰበሰበውን ጫና በአንድ ቁጥር መግለጽ ቻለ። ፖል ፓሪስ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ደግሞ ስንጥቅ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ስንት እንደሚያድግ ከዚያ ቁጥር ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ጽሑፉን ሦስት ታላላቅ መጽሔቶች አልቀበልም ብለውት በ1961 በአንድ የዩኒቨርሲቲ መጽሔት ላይ ነው የወጣው። ዛሬ የፓሪስ ሕግ ይባላል፤ የዘርፉ ተማሪ ሁሉ ይማረዋል።

ይህ ሕግ የመሐንዲሱን ጥያቄ ለወጠው። ድሮ ጥያቄው «ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም?» ነበር። አሁን ግን «ተሰንጥቋል ብለን እንነሣ፤ ስንጥቁ በምርመራ ከሚታይበት ቀን እስከሚገድልበት ቀን ስንት በረራ አለ? በዚያ መሃል ስንት ጊዜ እንየው?» ሆነ። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1969 አንድ ኤፍ-111 ተዋጊ አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ይዞት በወጣ ስንጥቅ ምክንያት ክንፉ ተገንጥሎ ከወደቀበት በኋላ ይህንን አስተሳሰብ ግዴታ አደረገው። የሲቪል አቪዬሽንም በ1970ዎቹ መጨረሻ ተከተለ።

በሌላ አነጋገር ጥሩ መሐንዲስ ዛሬ የሚነሣው ከጥርጣሬ ነው። ብረቱን አያምነውም።

7. ያየ ሰው ሲኖር

ስሌት ብቻውን ግን አያድንም። ኤፕሪል 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሃዋይ ደሴቶች መካከል ሲበር የፊተኛው ጣሪያው ተገሽልጦ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች፤ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ማሳረፋቸው ተአምር ነው የሚባለው። ያ አውሮፕላን ሲነደፍ የታሰበለት 51,000 ሰዓትና 75,000 በረራ ነበር። የበረረው ሰዓት 35,496 ብቻ ነው፤ በሰዓት ከቆጠርነው ገና ነው። የበረራው ቁጥር ግን 89,680 ነበር፤ ከደሴት ደሴት አጭር አጭር በረራ፣ በየበረራው አንድ መነፋት። በአንዱ ሂሳብ ጎልማሳ፣ በሌላው ሂሳብ ያረጀ። ምርመራው ሌላም ነገር አወጣ። አንዲት ተሳፋሪ ወደ አውሮፕላኑ ስትገባ በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

እሷን አልወቅስም። እኛስ ብንሆን? «ባለሙያዎቹ ያውቃሉ፤ እስካሁን በርሯል እኮ» እንላለን።

ከዚህ የሚከፋው ግን አይቶና ቆጥሮ ዝም ማለት ነው። ይህንን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ላይ ወደቀ። ማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የዚህኛው ችግር የብረት ድካም አይደለም፤ በአንድ የተሳሳተ ዳሳሽ መረጃ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። የማነሣው ስለ ትንበያው ነው። በዲሴምበር 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት እንደተገለጸው፣ የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ ባደረገው የራሱ ግምገማ፣ ሥርዓቱ ካልታረመ በማክስ አውሮፕላኖች ዘመን ወደ 15 የሚደርሱ ተመሳሳይ አደጋዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ወጣ፤ ማስተካከያው እስኪደርስ ግን አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጠሉ።

በኮሜት ጊዜ በሁለቱ አደጋዎች መካከል 88 ቀን ነበር። በማክስ 132 ቀን። ልዩነቱ ግን የቀኑ ብዛት አይደለም። በ1954 አውሮፕላኑ እንደገና ሲነሣ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በ2018 ግን ምክንያቱ ታውቆ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የተለፋበት ትንበያ ሥራውን ሠርቷል፤ የጎደለው «ይቁም» የሚል ሰው ነበር።

8. ምን እንጠይቅ?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ስንጥቅም እንደዚያው ነው፤ ቀስ በቀስ ይሄዳል፤ ወሳኙ ርዝመት ላይ ሲደርስ ይሮጣል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። «እስካሁን ችሏል» ማለት ስለ ነገ ማስረጃ አይደለም። ለሚደክም ነገር እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ የቻለበት እያንዳንዱ ቀን ከዕድሜው ላይ የተቀነሰ ነው። ድልድይ፣ የሕንፃ ሊፍት፣ የከተማ አውቶብስ፣ የግንባታ ክሬን፤ ሁሉም በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን ወይም ባለንብረት «ለሃያ ዓመት አገልግሏል፤ ምንም አልሆነም» ሲለን ልንረጋጋ አይገባም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ለስንት ድግግሞሽ ነበር የታሰበው? ስንት ሆነ? መጨረሻ ያየው ማን ነው? ያየውን የት ጻፈ? ስንጥቅ ያገኘ ሠራተኛ ሥራ አቁም የማለት ሥልጣን አለው ወይ? አደጋ ሲደርስስ ሪፖርቱ ይነበባል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይገባል?

እነዚህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የቨርሳይ ፉርጎዎች በር ከመቆለፉ በፊት፣ ኮሜት ማርች 23 ከመነሣቱ በፊት፣ ማክስ ኖቬምበር ላይ መብረሩን ከመቀጠሉ በፊት፣ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የሚል ቁጭት በሦስቱም ታሪኮች ውስጥ አለ።

በሙያው ያላችሁ የቻናላችን ተከታታዮች፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ይህ ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ አስተያየት መስጫው ላይ ብታካፍሉን ውይይቱ ይዳብራል። ሰላም ሁኑ።